በሻንጣ የማይመጣ መድኃኒት

ኪሮስ፣ የአዝመራ አባት፤

ከሄድህ አራተኛው ክረምት ወጣ። ሰላምታ አላበዛም፤ አንተም ሰላምታ ሲበዛብህ አትወድም ነበር። ይህን የምጽፍልህ አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ ክሊኒክ ኮሪደር ላይ ካለ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ልጅህ ከፊቴ ካለው በር በስተጀርባ ናት። በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት እየወሰደች ነው። አዎ፣ ያ መድኃኒት፤ ያኔ ለአንተ የፈለግነው። አለ። ወሬ ብቻ አልነበረም። የምነግርህ ደስ እንዲልህ አይደለም፤ ማወቅ ስላለብህ ነው።

መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ሁለት ሰዓት ከወንበሩ አይነሣም። ነርስ ከአጠገቡ ሆና ግፊቱን ትለካለች፤ አጃቢ ከሌለውም ወደ ቤት አይለቁትም። የአዝመራ አጃቢ እኔ ነኝ። እጄን አጣጥፌ መቀመጥ እንደማልችል ታውቃለህ፤ ከአንድ ተማሪ ደብተር ላይ ወረቀት ገንጥዬ ይዤ መጥቻለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። መሬቱን አያ ፈንታ የእኩል ያርሰዋል። ታላቅ ወንድምህ ስለሆነ ዝም አልሁ እንጂ በየዓመቱ ድንበሩን በአንድ ፈር እየገፋ ነው። ቀዩ በሬ በድርቁ ጊዜ ሞተ። ጥቁሩን ሸጥሁት፤ ብቻውን ቆሞ ማየት ሰልችቶኝ ነው። የጓሮው ካብ ግማሹ ተንዷል፤ አንተ የካብኸው በኩል ግን እንደቆመ ነው። እኔ ከገጠሩ ትምህርት ቤት ወደ ሰቆጣ ተዛውሬ አሁንም ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። የእናትህ ዓይን ደክሟል። ጆሯቸው ግን ደህና ነው፤ ስለ አንተ ሰው ሲንሾካሾክ ከሁላችን ቀድመው ይሰማሉ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ሕመምህ መቼ እንደጀመረህ አላውቅም። አንተም አታውቅም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ከዚያም በፊት አይቼዋለሁ። በሰኔ ሰው ሁሉ ጥማዱን ይዞ ሲወጣ አንተ ካቡ ላይ ተቀምጠህ መሬትህን እንደ ሰው መሬት ታየው ነበር። ስጠራህ ትነሣለህ፤ ከተነሣህ በኋላ ለምን እንደተነሣህ ይጠፋብሃል። ጎረቤቱ በወንፈል መጥቶ አረሰልህ፤ አጨደልህ። በማግሥቱ ዓመትም መጣ። ወንፈል ግን የተራ ነገር ነው፤ ዛሬ ለአንተ ለሠራው ነገ አንተ ትሠራለታለህ። አንተ መሄድ አቃተህ። ቆይቶ የሚጠራህም የሚመጣልህም ጠፋ። አያ ፈንታ «ወንድሜ ሰነፈ» አለ። ሌላው «ዓይነ ጥላ ነው» አለ። እናትህ «የሰው ዓይን በልቶብኝ ነው» አሉ። 

ጸበል ወሰድንህ። ከጸበሉ አጠገብ ጎጆ ይዘን ከዐቢይ ጾም መግቢያ እስከ ሰኔ ተቀመጥን። ይህን የማነሣው ጸበሉን ልወቅስ አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት ቀዝቃዛው ውኃ ሲነካህ ትንሽ ትነቃ ነበር። የማነሣው ለሌላ ነው። ያኔ ከብቱን፣ ልጅቱን፣ ሥራዬን ትቼ ስሄድ አንድ ሰው እንኳ «ይህን ያህል ጊዜ እንዴት ትቀመጣላችሁ?» አላለንም። ስንቅ ይዘው እየመጡ ጠየቁን። ዘንድሮ አዝመራን ይዤ አዲስ አበባ አንድ ወር ልቀመጥ ነው ስል ግን የማይጠይቀኝ ጠፋ። «ወር ሙሉ? ለአፍንጫ?» አለኝ አያ ፈንታ።

ከጸበል መልስ ሆስፒታል ሄድን። ክኒን ሰጡህ፤ ዋጥህ። በሌላ ክኒን ቀየሩልህ፤ እሱንም ዋጥህ። ሐኪሙ በቀጠሮህ ቀን «እንዴት ነህ?» ይልሃል። አንተ ጋቢህን አስተካክለህ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለህ። እሱም «እሰይ፣ ቀጥልበት» ይልሃል። ምን ይበል ታዲያ? በእኛ አገር «እንዴት ነህ» ለሚል ሰው ሌላ መልስ የለም። ትናንት ልጁን የቀበረ ሰው እንኳ ዛሬ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚል። ለጎረቤት ደግ መልስ ነው። ለሐኪም ግን መልስ አይደለም። ይህንን ማናችንም አላወቅንም፤ እኔም ከጎንህ ተቀምጬ ራሴን እነቀንቅ ነበር።

ከዚያ ወንድሜ ሙላው ከሪያድ ደወለ። ሹፌር ሆኖ ከተቀጠረበት ቤት አንዲት ልጅ እንዳንተው ሆና እንደነበር፣ ክኒኑ ሁሉ እምቢ ብሏት በአፍንጫ በሚነፋ መድኃኒት እንደተነሣች ነገረን። ቤቱን ሰው ሞልቶት ነበር፤ ሁሉም ይሰማ ብለን የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገነዋል። «በአፍንጫ?» አሉ እናትህ። አያ ፈንታ ሳቀ። «በሉ እንግዲህ፣ የፈረንጅ ሱረት መጣልን! አባታችን ዕድሜውን ሙሉ ሱረት ሲምግ እየታከመ ኖሮ ነው ለካ፤ እኛ ሱሰኛ እንለዋለን!» አለ። አንተም ሳቅህ። እናትህ ግን ተቆጡ፤ ትምባሆ ከሆነ ከደጄ አይደርስም አሉ። ነገሩ የነፍስ አባታችን ቄስ ሞገስ ዘንድ ደረሰ፤ በዚያውም ጾም ይገድፍ እንደሆነ ተጠየቁ። እሳቸው ትንሽ አሰቡና «ዕጣኑስ የሚገባ በየት ነው? ወሬ ትታችሁ ሰውዬውን አሳክሙት» አሉ።

ሙላውን «ግዛና ላክልን» አልነው። ስሕተቱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ከእኛ አካባቢ ዐረብ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ ደህና ዕቃ ሁሉ የሚመጣ በሻንጣ ነው። ብርድ ልብሱ፣ ጫማው፣ ስልኩ፣ የእናትህ መነጽር ሳይቀር በሻንጣ ነው የመጣ። በሻንጣ የማይመጣ መድኃኒት ሊኖር ይችላል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሙላውም አላሰበም። «የሚመጣ ሰው ልፈልግ» አለን። እኛም የሚመጣ ሰው ስንጠብቅ ክረምቱ አለፈ። አንዷ ትመጣለች ተባለ፤ አሠሪዎቿ አልለቀቋትም። ሌላው «ኪሎ በዝቶብኛል» ብሎ ጥሎት መጣ። አንዲት ብልቃጥ! አንተ ካቡ ላይ ተቀምጠህ መንገድ መንገዱን ታያለህ። እኔ ደግሞ መንገድ ማየትህ ደስ ይለኛል፤ ተስፋ ያደረግህ መስሎኝ።

ለመስቀል ሰሞን ከሪያድ የተመለሰች አንዲት የፃግብጂ ወረዳ ልጅ አመጣችው። ሰቆጣ መናኸሪያ ተቀበልናት። ቤት ወስደን ሻንጣዋን ስትከፍት ከሳሙናውና ከሕፃን ልብሱ መሐል ሰማያዊ ክዳን ያላት ትንሽ ብልቃጥ ወጣች። እናትህ ተቀብለው ሳሟት። አንተ በቀኝ ነፋህ፤ በግራ ነፋህ፤ ዓይንህን ጨፍነህ ቆየህ። እኛ ትንፋሻችንን ይዘን ቆመናል። አያ ፈንታ አላስችል ብሎት «እ? እህ?» አለ። ዓይንህን ገለጥህና «ቀለለኝ» አልህ። እናትህ እልል አሉ።

ሰው ሁሉ ያንን ወር ያነሣል። ሌሊቱ ሳይነጋ ትነሣለህ። ማጭድህን ይዘህ፣ ማንም ሳይጠራህ፣ በወንፈል የሠሩልህ ሰዎች ደጅ ሄደህ ትቆማለህ። ተራ በተራ አጨድህላቸው። አንዳንዱ ለአንተ መሥራቱን ረስቶት ነበር፤ አንተ አስታወስኸው። ለማኅበር ተሰብስበን ሳለ አያ ፈንታን «ያን ሱረት ላካፍልህ፤ ስንፍናው ወዳንተ ሳይዞር አይቀርም» አልኸው፤ ሰው በሳቅ ፈነዳ። እናትህ ስልክ እያስደወሉ ሙላውን ይመርቁታል። እኔን ደግሞ «ደህና ነኝ» ትለኛለህ። በአማርኛም ትለኛለህ፤ ሁለታችን ብቻ ስንሆን በአገውኛችን በኽምጣንጋም ትለኛለህ። አመንሁህ። ሰው ከቤቱ ሊወጣ ሲል ቤቱን ጠርጎ እንደሚወጣ አላሰብሁም።

ከዚያ ያደረግኸውን አደረግህ። አልዘረዝረውም።

ሬሳህ ገና ቤት ሳይገባ አያ ፈንታ «አዳልጦት ነው» አለ። «ጭቃ ነው፤ ገደሉ አፋፍ ላይ አዳልጦት ነው።» ኅዳር ነበር፤ መሬቱ ደረቅ ነበር። ግን ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም የሚለውን ሁላችንም ሰምተን ነው ያደግን፤ ስለዚህ አንዱ ያለውን ሌላው ተቀበለው። ቄስ ሞገስ ዓይን ዓይኔን እያዩ «አዳልጦት ነው አይደል ልጄ?» አሉኝ። «አዎ አባቴ» አልሁ። ከአባትህ አጠገብ ተቀበርህ።

ከአርባህ በኋላ እናትህ ብልቃጧን አምጥተው ሰጡኝ። «ተርፏል፤ ለሌላ ሕመምተኛ ይሁንና ለነፍሱ ይሁነው» አሉኝ። ሰቆጣ ይዣት ሄጄ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ ጽሑፉን አየችና «ይሄማ የጉንፋን ነው እትዬ፤ አፍንጫ ሲደፈን የሚነፋ» አለችኝ። ተሳስተሻል አልኋት። «አልተሳሳትሁም» አለች። «ደግሞ ይህችን ብልቃጥ አውቃታለሁ። አንድ ረዘም ያለ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው ሰው የመስቀል ሰሞን ይዟት መጥቶ ጠይቆኛል። የጉንፋን ነው ስለው 'እኔም ጠርጥሬ ነበር' ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ከተታት። ምንሽ ነው?» ባሌ ነው አልኋት። «ተሻለው?» አለችኝ።

ኪሮስ፤ አንተ ታውቅ ነበር። ብልቃጧ በመጣች ሳምንት አውቀሃል። ጠዋትና ማታ የጉንፋን መድኃኒት እየነፋህ፣ እኛ ዙሪያህን ቆመን እያየንህ፣ «ቀለለኝ» ስትለን ኖርህ። ለምን? እናትህ ስለሳሟት? ሙላው ከተማ ለከተማ ዞሮ ስለገዛት? እኔ ፊቴ ስለበራ? ይህን ስጠይቅህ ኖርሁ። መልስህን አውቀዋለሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ያን ቀን ከሰቆጣ ስትመለስ «ይሄ የጉንፋን ነው፤ እኔም አልቻልሁም» ብትለኝ ምን ይሆን ነበር? ሙላውን እሰድበው ነበር። እናትህ ያለቅሱ ነበር። ሌላ እንፈልግ ነበር፤ ባናገኝም ስንፈልግ አብረን እንሆን ነበር። አንተ ግን ማንንም ሳታስቸግር መሄድ ወደድህ። ሰው ዛሬም ድረስ «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነበር» ይልሃል። እኔ ያንን ጨዋነትህን ይቅር አላልሁትም።

ለሙላው የላካት ብልቃጥ የጉንፋን እንደነበረች ነገርሁት፤ ስሙን ሳያውቅ «በአፍንጫ የሚነፋ» ብሎ ነው የገዛት። አንተ ታውቅ እንደነበር ግን እስከዚህ ሰሞን ለማንም አልተናገርሁም። ለአዝመራም።

አዝመራ ዩኒቨርሲቲ በገባች በመንፈቋ ተመለሰች። ግድግዳው በኩል ዞራ ተኛች። አተኛኘቷ ያንተ ነው፤ ጉልበቷን አጥፋ፣ እጇን ከጉንጯ ሥር አድርጋ። ፊቷን የማጥባት እኔ ሆንሁ። ክኒን ተጀመረላት፤ ጠበቅን። ተቀየረላት፤ ጠበቅን። ሙላው ደወለና «እቴ፣ እውነተኛውን ፈልጌ እልካለሁ» ብሎ አለቀሰ። «በሻንጣ ምንም እንዳትልክብኝ» አልሁት።

ሆስፒታሉ ውስጥ የአእምሮ ሕሙማንን የሚያይ ነርስ አለ። ስለ አፍንጫው መድኃኒት ጠየቅሁት። «እሱማ በእጅ አይሰጥም እትዬ» አለኝ። «ቤት ይዘውት አይሄዱም። ባለሙያ እያየ ነው የሚነፋ፤ ከዚያም እዚያው ይቀመጣሉ። ራስ ያዞራል፤ ግፊትም ከፍ ያደርጋል።» ሳቅሁ። ሰውዬው ደነገጠ። ምን ላድርግ? ለካ መድኃኒቱ ወደ ሰው የሚመጣ አይደለም፤ ሰው ነው ወደ መድኃኒቱ የሚሄድ። እንደ ጸበሉ። ስንቅ ቋጥሮ፣ ቤት ዘግቶ፣ ከምንጩ አጠገብ መሰንበት ነው። ይህንን እኮ ከማንም በላይ እናውቅበታለን። የሚነግረን አጥተን ሻንጣ ስንጠብቅ ከረምን።

ነርሱ የሚያውቃቸውን ሰዎች ሲጠይቅ ሰነበተና አዲስ አበባ አንድ ክሊኒክ በቅርቡ መስጠት እንደጀመረ ነገረኝ፤ ሁለት ዓይነት ክኒን ሞክረው ላልሆነላቸው ሰዎች። «ሁሉም ሰው አይሻለውም፤ ይህን ይዘሽ ሂጂ» አለኝ። ያመንሁት ይህን ስላለኝ ነው። ወጪውን ሙላው ቻለው። አትቃወም፤ እሱም የራሱ ሸክም አለበት።

ከመሄዴ በፊት ቄስ ሞገስ ዘንድ ገብቼ እውነቱን ነገርኋቸው። አላዳለጠውም፤ መሬቱ ደረቅ ነበር አልኋቸው።  «ማዳለጡን እኔ መቼ አመንሁ?» አሉኝ። «ታሞ ነበር፤ አእምሮው ታውኮ ነበር ብትሉኝ ያው እፈታው፣ ያው እቀብረው ነበር። የታመመ ሰው ከነሕመሙ ነው የሚታይ። እናንተ ግን ከሕመሙ ገደሉን መረጣችሁለት።» አየህ? ያ ሁሉ ውሸት ባይኖርም መቃብርህ እዚያው ነበር። ከቤታቸው ወጥቼ ከደጃቸው ዋርካ ሥር ተቀመጥሁ።

ከሰቆጣ ወልድያ፣ ከወልድያ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ። አዝመራ መንገዱን ሁሉ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጥላ ተኝታ መጣች። ያረፍነው ከአክስቴ ልጅ ቤት ነው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። «እንዴት ነሽ አዝመራ?» አለቻት። ልጅህ ጋቢ ስለሌላት ሻርፗን አስተካከለች። «ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።» ሐኪሟ ልትጽፍ ስትል ከወንበሬ ተነሣሁ። «ዶክተር፣ ይህን እንዳትጽፊው» አልኋት። «በእኛ አገር ይህ መልስ አይደለም። አባቷም ይህንኑ እያለ ነው የሞተ።» ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እሺ እናቴ፤ ታዲያ ምን ብዬ ልጠይቃት?» አለችኝ። «ዛሬ ፊቷን ማን እንዳጠባት ጠይቂያት» አልሁ። ጠየቀቻት። አዝመራ መሬት መሬት አየች፤ አየችና «እማ» አለች። ሕክምናው ከዚያች ቃል ጀመረ ብል ውሸት አይሆንም።

በሳምንት ሁለት ቀን እንመጣለን። ከመምጣታችን በፊት እህል አትቀምስም፤ እንዳያቅለሸልሻት ነው። ክኒኑንም አላቋረጠችም። ወንበሩ ወደ ኋላ ይዘረጋል፤ የምትነፋው ራሷ ናት፤ ነርሷ ታያታለች። ጉሮሮዋ ላይ ሲወርድ ይመራል ትላለች። ከዚያ ወንበሩ ከመሬት ከፍ ያለ፣ እጇ የሌላ ሰው እጅ የሆነ ይመስላታል። ቆይቶ ይለቃታል። እኔ ኮሪደሩ ላይ ሚስቱን ከሚያጅብ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ጋር እቀመጣለሁ። ከሰቆጣ መምጣታችንን ሲሰማ «ውይ! የማር አገር! ታዲያ ማሩስ?» አለኝ። «የአገራችን ዕቃ በሻንጣ መሄድ ትቷል» አልሁት። አልገባውም፤ ግን ሳቀ። ጥሩ ሰው ነው። «ለሚዜነት እንኳ ይህን ያህል ተቀምጬ አላውቅም» ይላል፤ ሚስቱ ስትወጣ ግን ቀድሞ የሚነሣ እሱ ነው።

ሦስተኛውን ጊዜ ወስዳ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ «እማ፣ ተሽሎኛል» አለችኝ።

ሌላ እናት ብትሆን እልል ትላለች። ለእኔ ግን ያንተ ድምፅ ነው የተሰማኝ። «ወራጅ አለ» ብዬ ታክሲውን አስቆምሁና መንገድ ዳር ይዣት ወረድሁ። ከዚያው፣ ሰው እየገፋን፣ ስለ ብልቃጧ ነገርኋት። አንተ ታውቅ እንደነበር ነገርኋት። «አባቴ ያውቅ ነበር?» አለች። ያውቅ ነበር አልኋት። «አንቺስ እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም? ሁላችሁም አዳልጦት ነው ስትሉኝ ኖራችሁ። መሬቱ ደረቅ እንደነበር እኔ አላውቅም? ያን ጠዋት ውኃ ቀድቼ በዚያ መንገድ የተመለስሁ እኔ አይደለሁም?» ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነበር። ሰው ዞሮ አየን። ከታመመች ጀምሮ ስትጮኽ ሰምቻት አላውቅም። «እኔ እሱን አይደለሁም» አለችኝና ጥላኝ ወደፊት ሄደች። ከኋላዋ እየሮጥሁ ተከተልኋት። ከዚያ በኋላ ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም።

ዛሬ ጠዋት ሐኪሟ እንደ ልማዷ «እንዴት ነሽ?» አለቻት። አዝመራ ወደ እኔ ዞረች። ሻርፗን አልነካችም። «ባለፈው ተሽሎኛል ያልሁት ጥቂቱ እውነት ነው፤ ቀሪው ለእማ ስል ነው» አለች። «ፊቴን ራሴ ታጥቤያለሁ። ዛሬ ግን መጥፎ ነኝ። ጠዋት ባልነቃሁ ብዬ ነበር።»

ሐኪሟ ጻፈች። ደግሞ ብዙ ጠየቀቻት፤ አዝመራም መለሰች። መጠኑን ከፍ እንደሚያደርጉላት፣ ለሚቀጥሉት ቀናት ብቻዋን እንዳልተዋት፣ እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲመጣባት ሌሊትም ቢሆን እንድንደውል ነገረችን። እኔ ፈራሁ። አልዋሽህም። ግን ከፍርሃቱ በታች ሌላ ነገር ነበር። አንተ አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ያልሰጠኸኝን ቃል ልጅህ ሰው ፊት ቁጭ ብላ ሰጠችኝ። መጥፎ ነኝ አለች። ልጄ መጥፎ ነኝ ስትል እሰይ ያልሁ እናት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ትድን እንደሆነ አላውቅም። መድኃኒቱ ለእሷ ይሁን አይሁን ገና አልለየም። ቢሆን እንኳ ለአንተም ይሆን ነበር ወይ ብዬ እየተቃጠልሁ እንደምኖር አውቃለሁ። ባይሆን ሌላ እንፈልጋለን። ይህን ብቻ ነው የማውቅ።

እንግዲህ አንተን እንዴት እንደማስታውስህ ልንገርህ፤ ቃሌም ይህ ነው። ያንን የአጨዳ ወር እንደ ደህና ወርህ አድርጌ አላወራም። ጉንፋን በሌለበት አፍንጫ የጉንፋን መድኃኒት እየነፋህ፣ ለሰው ሁሉ አጭደህ፣ ማታ ማታ የሳቅህልኝ ወር እንደነበር አስታውሳለሁ። ከባዱ ሥራ አጨዳው እንዳልነበረ አስታውሳለሁ። በሙት ዓመትህ ሰው ተሰብስቦ አያ ፈንታ «ያ ጭቃ» ብሎ ሲጀምር «ጭቃ አልነበረም» እላለሁ። እናትህም ይስሙ፤ ጆሯቸው ደህና ነው። «ታሞ ነበር፤ መድኃኒቱ ያለበትን ሳናውቅ ሞተብን» እላለሁ። ከሰቆጣ ዙሪያም ሆነ ከአበርገሌ ካብ ላይ ተቀምጦ መንገድ የሚያይ ሰው ያለው ቤት ይህን ይስማና፣ ሻንጣ አይጠብቅ።

በሩ ተከፈተ። ነርሷ እጇን ይዛታለች፤ እግሯ ገና አልጸናም። እንዴት ነሽ ልላት ነው። የምትለኝን ቆሜ እሰማለሁ።

የአዝመራ እናት